ለጭንቅላቱ ዋስ የሚሆን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

አገባ! ሙባረክ በቴስታ አገባ!

ኮርና ተመታ፣ ልጄ ከሁሉም በላይ ዘለለ፣ በግንባሩ ገጫት፣ በረኛው ዞር ሲል ኳሷ ከኋላው ናት። ሁለት ለአንድ። "እኔ ኳስ የሚባል ነገር አልወድም" እያልኩ የምፎክረው ሴትዮ፣ ሻርፔ ከራሴ ላይ እስኪንሸራተት እልል አልኩ። ሐያት "እማ፣ ሰው ያይሻል" ብላ ጎተተችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ እኔን ልትቀጣ!

የአረፋ ዋንጫ ነው። በየዓመቱ የቡታጅራ ሰው ለአረፋ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሰፈር ከሰፈር ይጋጠማል። ዋንጫ ይባል እንጂ ሽልማቱ ሰንጋ ነው። ሰፈራችን ሰንጋውን ከወሰደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ የሚጨነቁት ለሥጋው አይደለም፣ ለስሙ ነው ይላሉ። ይሁንላቸው። አሁን ለፍጻሜ አልፈናል፤ የነገ ሳምንት እሁድ ነው።

ከዕረፍት በኋላ ግን ሙባረክ ለሌላ ቴስታ ሲዘል ያ ረጅሙ የነሱ አጥቂ አብሮት ዘለለ። ኳሷን ማን እንዳገኛት አላየሁም። ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲጋጩ ግን እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማ። ልጄ ወደቀና አልንቀሳቀስ አለ። ውሃ አፈሰሱበት። አሰልጣኙ ታደለ ጣቱን አውጥቶ "ስንት ነው?" አለው። የሆነ ነገር መለሰ መሰለኝ፣ ተነሣ፣ ሰው አጨበጨበ። "ጀግና!" አሉ። እኔም አልኩ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ማታ እራት ላይ ሙባረክ "እማ፣ ስንት ለስንት ወጣን?" አለኝ። እንደገና እንድነግረው ፈልጎ መሰለኝ። ሐያት ሳቀችና ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችለት፣ ሰማት። ልጅ ሲኮራ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ራሱን ያመዋል። ቢያመው ይገርማል እንዴ?

የቀሩኝ ሥራዎች፦ የሐጂ በድሩ ሚስት ቀሚስ (እጅጌው ብቻ)። የመንታዎቹ ሱሪ። ጨርቅ ሳትሰጠኝ በፊት "ደረሰ ወይ?" የምትለው ሴትዮ ጉርድ። አረፋ ማክሰኞ ነው፤ እንቅልፍ ለሌላ ጊዜ።

እሁድ፣ ኅዳር 5

ሙባረክን ጠዋት አስመለሰው። ብርሃን አልችልም ስላለኝ መስኮቱ ላይ ከስፌት የተረፈ ጨርቅ ሰቀልኩበት። የስፌት መኪናዬ ድምፅ እንኳ ይረብሸዋል፤ መኪናውን ወደ በረንዳ አወጣሁት።

ጎረቤቴ ብርቄ መጣች። ልጇ ሳሚ ከሙባረክ ጋር አንድ ቡድን ነው፣ ተቀያሪ ነው ግን። ገና ከበር ሆና አየችውና "ይኼማ ምች ነው!" አለች። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። አልቦት ነበር፣ በዚያ ላይ ፀሐይ መሃል አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፉበት። ይኼ ምች ካልሆነ ምች ምንድን ነው? ብርቄ ከጓሯዋ ዳማከሴ ቆርጣ አመጣች፣ በእጃችን አሸነው፣ ግንባሩንና ማጅራቱን ቀባነው፣ ጥቂት አፍንጫው ሥር ያዝንለት፣ እንዲያልበው ብርድ ልብስ ደራረብንበት። እሱም እኛ እንዳልነው ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ተኛ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልጻፍ። ስሙን የማውቀው በሽታ ብዙ አያስፈራኝም። እናቴም ምች ታክማለች፣ የእሷም እናት። የመንታዎቹን ሱሪ ጨረስኩ። ብርቄ ስትሄድ "ለፍጻሜው ይደርሳል፣ አታስቢ" አለችኝ። ሳሚዬ አንድ ቀን በተሰለፈልኝ ብላ ሳቀች። ደግ ሴት ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

የሴቶች አረፋ፤ ከእርዱ ቀን በፊት ያለው የእኛ ቀን። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ቅቤው፣ አይቡ፤ ወገቤ የለም።

ከድር ደረሰ። ወንድሙ ነስሩም አብሮት። ባሌ መርካቶ ሱቅ ስላለው በዓመት የማየው ለአረፋና ለረመዳን ፍቺ ነው፤ በቀረው ጊዜ ባሌ ስልክ ነው። እንደገባ ሙባረክን አቀፈና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፣ "የኔ አንበሳ!" እያለ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አየሁ፣ ከድር አላየም። ናፍቆት ነው፣ ምን ይደረግ።

ነስሩ በማዳበሪያ ሙሉ አዲስ ማልያ ይዞ መጣ፤ ቁጥሩን የምሰፋው እኔ ነኝ። ከማልያው የበለጠ ግን ወሬ ይዞ መጥቷል። ለአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ልጅ የሚመለምል የሚያውቀው ሰው አለ። ሰውየው እሁድ ፍጻሜውን ሊያይ ይመጣል። "ረጅም ተከላካይ ነው የሚፈልገው፣ ቴስታ የሚችል። ስለ ሙባረክ ነግሬዋለሁ!" አለ ነስሩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔስ? እኔ በልቤ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ልጄን በቴሌቪዥን አይቼ ተመለስኩ። ላም አለኝ በሰማይ!

ሙባረክም ሳቀ። ግን ሁላችንም ስቀን ከጨረስን በኋላ ነው የሳቀው።

ከሰዓት ጨው ግዛ ብዬ ላክሁት። ቆየብኝ። ወጥቼ ባይ አጥሩ ጥግ ቆሟል። "ምን ነበር ያልሽኝ?" አለኝ። ድካም ነው አልኩ። ምቹ ገና አልለቀቀውም አልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

አረፋ። ሶላቱ የተሰገደው እዚያው ኳስ ሜዳው ላይ ነው። የሴቶቹ ሰልፍ ከጎሉ ጀርባ ነበር። ሙባረክ ከአባቱ ጎን ሆኖ ሲሰግድ ከሩቅ አየሁት፤ ለሱጁድ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሲነሣ ተንገዳገደ፣ ከድር ትከሻውን ያዘው።

ከእርዱ በኋላ ሐጂ በድሩ ቤት ተሰበሰብን። የሰፈራችን ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው እርቅም ሰርግም የለም። ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ሙባረክን አስጠሩትና "አላህ ግንባርህን ያጠንክርልህ፣ ለእሁድ ሰንጋችንን አምጣልን" አሉት። "አሚን!" የሚለው ድምፅ ጣራውን አነሣው። ልጄ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ትንሽ ቆይቼ ስፈልገው የለም። ከቤታችን ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ጆሮውን በእጁ ይዞ። "ጫጫታው ነው" አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የበዓል ቀሚሴ ጭቃ ነካው፣ ይንካው።

"እማ፣ ጎሉን አላስታውሰውም" አለኝ።

"የትኛውን?"

"የኔን። ሁሉም ይነግሩኛል፣ እኔ እሺ እሺ እላለሁ። ከቤት ስንወጣ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የማውቀው ቤት ተኝቼ ነው።"

ሌላም ነገረኝ። ልምምድ ላይም ቴስታ ደጋግመው ሲመቱ ዓይኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልበት ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ ሌሎቹ "ፋራ" ይሉኛል ብሎ። አሁን ደግሞ የለመነኝ ይኼንኑ ነው፦ "ለአባ እንዳትነግሪ። እሁድ ሰውዬው ይመጣል።"

አልነግርም አልኩት። ምች ሰው ያተኩሳል፣ ያስመልሳል፣ አፍ ያቆስላል። ምች ከሰው ትዝታ ሲወስድ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ታደለ ዘንድ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ነው፣ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ነው የሚያሠለጥነው። ሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ኳስ በገመድ አንጠልጥሏል። ልጆቹ ተሰልፈው እየተንደረደሩ በግንባራቸው ይገጩታል፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ኳሱ ያረጀ ቆዳ ነው፤ ሌሊት ጤዛ ጠጥቶ ያደረ። በእጄ አነሣሁት። እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል።

ከሰልፉ ውስጥ የሐያት እኩዮች አሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ገጨው፣ አናቱን ይዞ ቁጢጥ አለ። የሚስቁትን ሲሰማ ብድግ ብሎ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመ። ስንቴ አይቼው አልፌያለሁ ይኼን ነገር፣ ወደ ገበያ ስሄድ። እንኳን ሊያስፈራኝ፣ ጎበዞች እል ነበር።

ለታደለ ነገርኩት። "ሶፍያ እህቴ፣ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው። ግንባር ይለምዳል" አለኝ። ጎሉን አያስታውሰውም ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ። "ድንጋጤ ይሆናል። እሁድን ይጫወትልኝና አሳርፈዋለሁ፣ ቃሌ ነው" አለ። ከዚያ ሌላ ጨዋታ አመጣ፦ እሱም ራሱን ያመዋል፣ ከዓመታት ጀምሮ፣ መነጽር አዘዙለት፣ አልረዳውም። ይኼን እያለኝ ግንባሩን ያሻል። የሚናገረውን ራሱ የሰማው አልመሰለኝም።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ክርና ዚፕ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ሙባረክን "ዕቃ ያዝልኝ" አልኩት። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። አልተጣላኝም፣ የት ነው የምንሄደው አላለም። እሱም ፈርቶ ኖሯል።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ወልቂጤ ነው ያደግኩት አለችኝ። ብዙ ጠየቀችው። በአንድ እግር አቆመችው፤ ወደቀ ማለት ይቻላል። ጥቂት ቃላት ነገረችውና ቆይታ ድገምልኝ አለችው። እኔ ሁሉንም ይዣቸዋለሁ፣ ከአፌ ሊያመልጡኝ ነበር። እሱ አንዷን ብቻ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ ትንሽ ሳለ መንገድ ሲጠፋበት እንደሚያየኝ።

"ምን አደረጋችሁለት?" አለችኝ። ዳማከሴ አልኩ፣ አፍሬ። አልሳቀችም። "ዳማከሴው አልጎዳውም። እስካሁን አለመምጣታችሁ ነው የከፋው" አለች። እንደገባኝ ልጻፈው፦ ከውጭ ምንም ሳይሰበር፣ ሳይደማ፣ አንጎሉ ውስጥ ለውስጥ ተናውጧል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ኳስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ራስ ምታቱ ፈጽሞ እስኪለቀውና ከዚያም በኋላ እሷ እስክትፈቅድ። ከፍቶ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በማንኛውም ሰዓት አምጪው አለችኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ እንደ ትልቅ ሰው አናገረችው። "ይኼ ሳይድን ሁለተኛ ብትመታ ልትሞት ትችላለህ። ባትሞትም እንደ በፊቱ ላትሆን ትችላለህ።"

ስለ ትንንሾቹ ጠየቅኳት፣ ስለ ተንጠለጠለው ኳስ። ለልጆች ቴስታ ቢቀር ይመረጣል፣ ካልቀረም በቀላል ኳስ፣ በጣም ጥቂት፣ አዋቂ እያየ ነው አለች። እርጥብ ኳስ ስላት ራሷን ነቀነቀች።

ልጄ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እስከ እሁድ አይድንም?"

ስንመለስ ክሩንም ዚፑንም ረስቼዋለሁ። ከድር ባዶ እጄን አየ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፣ ስለዚህ ከጁምዓ መልስ ለከድር ሁሉንም ነገርኩት።

መጀመሪያ አላመነም። "አልደማ፣ አልተሰበረ! ኳስ ነካው ብለሽ ሆስፒታል?" ከዚያ ተቆጣ፣ ተደብቄ ስለሄድኩ። እዚህ ላይ እውነት አለው። ከዚያ ደግሞ ድምፁ ወረደ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። "ሶፊ፣ እኔ ከድንኳን ተነሥቼ ሱቅ ለመክፈት ዕድሜዬን ነው የከፈልኩት። ለዚህ ልጅ አንድ በር ተከፈተ። አንድ ቀን ብቻ።"

ነስሩ ስልኩን እያሳየ ሰውየው ነገ ማታ ቡታጅራ ይገባል አለ።

"በእግሩ ብቻ ይጫወት፣ ቴስታ አይመታም" አለ ከድር።

"ኳስ ከላይ ስትመጣበት ቁጭ ይላል?" አልኩት። "ተከላካይ አይደለም እንዴ?"

ሙባረክ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ኋላ ላይ ከድር ተነሣና "እንግዲህ ሽማግሌ ይየው" ብሎ ወጣ። ለማስፈራራት ያለው መሰለኝ። ለኳስ ሽማግሌ የተላከበት አገር ሰምቼ አላውቅም።

ማልያዎቹን ጨረስኩ። የሙባረክን አምስት ቁጥር ሳልሰፋው ብዙ አስቀመጥኩት። ኋላ ሰፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ላኩብኝ! ለኳስ ሽማግሌ ላኩብኝ!

ሐጂ በድሩ፣ ሁለት ሌሎች አዛውንት፣ ታደለም ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ። "ተቀመጡ" እስክላቸው ድረስ ቆመው ጠበቁ፣ ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ። ሻይ አቀረብኩ፤ አንዳቸውም አልነኩትም። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፦ እሺ ሳትዪን አንቀምስም። የሽማግሌ ሻይ ያቀዘቀዘ ሰው እዚህ ሰፈር በሰርግም በለቅሶም የሚቀርበው የለም። የነዚህን ሰዎች ሚስቶች ልብስ ነው የምሰፋው። የልጆቼም እንጀራ ከዚያው ነው።

ሐጂ ጀመሩ። "ልጄ ሶፍያ፣ ልንፈርድብሽ አልመጣንም፣ ልንለምንሽ ነው። አባትየው ፈቅዷል። ልጁም ይሻል። ሰፈሩ ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው። የነገን ብቻ ፍቀጂልን።"

ከድር ጥግ ተቀምጧል። ሙባረክ የጓዳው በር ላይ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ሐጂ፣" አልኩ፣ "እርስዎ የተጣላ ሲያስታርቁ ያለ ዋስ ይነሣሉ?"

"አልነሣም።"

"እንግዲያው ለኔም ዋስ ይጥሩልኝ። ልጁ ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ ሊሞት ይችላል ብለውኛል። አይሞትም ብሎ ለጭንቅላቱ ዋስ የሚሆን አንድ ሰው ይቁምና ነገ በእጄ ማልያውን አለብሰዋለሁ።"

ለመቆጣት ዕድል እንዳይኖራቸው በለሆሳስ ነበር የተናገርኩት።

ሐጂ ወደ ታደለ ዞሩ። "አሰልጣኝ?" ታደለ ምንጣፉን እያየ ቀረ። ወደ ሁለቱ አዛውንት ዞሩ፤ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ያ ብቻ። መጨረሻ ላይ "ከድር? አባት ነህ" አሉት።

ከድር ብድግ አለ። አፉን ከፈተ። "ወላሂ..." ብሎ ጀመረና ልጁን አየው። ልጁ በሩን ተደግፎ ነው የቆመው፤ ሳይደገፍ መቆም አቅቶት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ያኔ እሱም ያወቀ መሰለኝ። ተመልሶ ተቀመጠ። "አልችልም ሐጂ። እኔ ለዚህ ዋስ መሆን አልችልም" አለ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

ሐጂ በድሩ የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥተው ጠጡት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ፍርዱ ያ ነው፣ ልጁ ይቅር ማለታቸው፤ ሌላ ቃል አልተጨመረበትም።

ታደለ በር ላይ ቀረና አምስት ቁጥር ማልያ ይሰጠኝ አለ። "ለማን?" አልኩ። "ለሳሚ።" የብርቄ ሳሚ። ከሙባረክ በዕድሜ ያንሳል፣ ቁመቱ ግን አለው። "ቴስታ አታስመታው" አልኩት። "ፍጻሜ ነው፣ ሶፍያ" አለኝ። ተከራክሬ ልመልሰው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን የራሴን ልጅ አትርፌ ደክሞኝ ነበር፣ ማልያውን አጥፌ ሰጠሁት።

ሙባረክ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ያለኝ አንድ ቃል ነው፦ "ገደልሽኝ።"

እሁድ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ቆሻሻውን እያቃጠለ በጭስ ታፍኗል። ለሙባረክ በርና መስኮቱን ዘጋሁ። ከትናንት ጀምሮ አያናግረኝም፣ ምግብም እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የሚነካው። ሐያት በመሃል ትመላለሳለች። "እማ፣ ውሃ በይልኝ አለ" ትለኛለች፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ።

ሜዳ አልሄድኩም። ከድር ሄደ። የሕዝቡ ጩኸት እቤት ድረስ ይመጣል፤ በጮኹ ቁጥር ከጓዳ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። መጨረሻ ላይ ጥሩምባ፣ ሆታ፣ የመኪና ክላክስ። ሰንጋው አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት በደጃችን አለፈ። አሸንፈዋል። ያለ እኛ።

ከድር ከሰልፉ ቀድሞ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። "ሳሚ ነው ያዳናቸው" አለ። "ከላይ የመጣውን ኳስ ሁሉ በቴስታ እሱ ነው ያወጣው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ስሙን ጠየቀ።"

"ደስ ይላል" አልኩ። እውነት ለመናገር አልተደሰትኩም።

"ከዕረፍት በኋላ ተመታ፣ ሶፊ። ለኮርና ወጥቶ ሲዘል ከበረኛቸው ጡጫ ጋር ተጋጨ። ወደቀ። ውሃ አፈሰሱበት፣ ጣት አሳዩት፣ ተነሣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።" እጁን አየ። "እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። ሄጄ ላስወጣው አሰብኩ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው ብዬ ተውኩት።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ እኔም ያኔ ነው ትናንት ያጠፍኩት ማልያ ዓይኔ ላይ የመጣው። የጓዳው በር ተከፈተ። "ተነሥቶ ተጫወተ?" አለ ሙባረክ። አባቱ አዎ አለው። ሙባረክ ጫማውን ፈለገ።

ሦስታችን ሄድን። ብርቄ ቤት ሰው ሞልቷል፣ ጭፈራው ገና አልበረደም። ሳሚ መሃል ላይ ማልያውን እንደለበሰ ተቀምጧል፣ ሰው ትከሻውን ይመታዋል። ብርቄ እኔን ስታይ እጇን ዘርግታ "እንኳን ደስ አለሽ በይኝ!" አለች። ደስ ብሏታል፣ ምስኪን። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ከዚያ ጠጋ ብዬ "ሳሚን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው" አልኩ።

ፊቷ ጠቆረ። "ደህና ነው እኮ። ደክሞት ነው።" ከኋላ አንዱ "ቅናት ነው" አለ፣ እንድሰማ አድርጎ። ብርቄም "የአንቺ ልጅ ስለቀረ የኔም ይቅር ነው?" አለችኝ። ከእሷ ይኼን አልጠበቅኩም፤ ግን በእሷ ቦታ ብሆን እኔስ ምን እል ነበር?

ሙባረክ ሰዉን ገፋ አድርጎ መሃል ገባ። ድምፁ ትንሽ ናት፣ ጭፈራው በራሱ ጊዜ ቆመ። "እኔ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ያገባሁትን ጎል አላስታውሰውም" አለ። "ሳምንት ሙሉ አስታውሳለሁ እያልኩ ዋሽቼያችኋለሁ። ፋራ እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ሌሊት አላርፍም፣ ማንበብ አልችልም። ሳሚ፣ አቦ፣ አንተም ዝም አትበል።"

ሳሚ "ደህና ነኝ" አለ። ፈገግም አለ፣ ከሁሉም ሰው ዘግይቶ። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ።

ወጣን። ከድር ልጁን በክንዱ ደግፎት ነው የሄደው። ከአጥሩ ትንሽ እንደራቅን ከኋላችን እግር ሰማሁ። ብርቄ ናት፣ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ፣ ሳሚን ክንዱን ጨብጣ እየጎተተች። አሁንም ተቆጥታለች። "ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለችኝ። ከድር ባጃጅ አስቆመ።

ሳሚን ዛሬ እዚያው አሳደሩት። ለማየት ነው እንጂ ይኼ ነው አላሉንም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመልሶት ነበር። የኔም ልጅ አሁን ተኝቷል፤ ራሱን ዛሬም ያመዋል፣ መቼ እንደሚለቀው የሚያውቅ የለም። ከመተኛቱ በፊት ግን ውሃ አምጪልኝ አለኝ፣ ራሱ፣ በሐያት ሳይልክ።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ብርቄ እስከ በሩ ሸኘችን። አላመሰገነችኝም፣ ይቅርታም አላለችም። እኔም አልጠበቅኩም። የሙባረክን ፊት ብዙ አየችና "እስካሁን አልመጣልህም? ያ ጎል?" አለችው።

"አልመጣም" አላት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ልጇ ተመለሰች።